የውርጭ አገሯ ቢጫ አበባ፦ ሀፕሎካርፋ ሩፔሊን ከሚመስሏት ለይቶ ማወቂያ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጓሳ ወይም ጣርማበር ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚልክልኝ ፎቶ ሁሌም ይመሳሰላል። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ነው። ከብት የጋጠው አጭር ሣር ይታያል፤ መሃሉ ላይ መሬት ላይ የተለጠፈች አንዲት ቢጫ አበባ አለች። ጥያቄውም ያው ነው፦ «ይህች ምንድን ናት?» አንዳንዱ «ስልኬ ዳንዴሊዮን ናት አለኝ፣ እውነት ነው?» ይላል። ሌላው «ድንክ አደይ አበባ ናት እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከእንዲህ ያለ ፎቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ዋናው ምልክት ያለው ቅጠሉ ጀርባ ላይ ነው፤ ፎቶው ደግሞ ጀርባውን አያሳይም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አሠራሩን ከነምክንያቱ እዚህ ላስቀምጠው።

የምንፈልጋት ተክል ሀፕሎካርፋ ሩፔሊ ትባላለች። በአንዳንድ የዕፅዋት ዝርዝሮች ላይ «ላንድቲያ ሩፔሊ» ተብላ ትገኛለች። ስሟ ተቀየረ እንጂ ተክሏ ያችው ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ነዋሪ ናት። ወገኗ ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር ነው፤ ቤተሰቡን ሙያተኞች አስቴራሲ ይሉታል። ሦስት ነገር ያዙ፦ ግንድ የላትም፣ የቅጠሏ ጀርባ ነጭ ነው፣ ስትቆረጥ ወተት አታወጣም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን በትክክል ለማየት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር። ከሌላችሁ የስልካችሁ ካሜራ በቅርብ ማንሣት የሚችል ይሁን።
- አጭር ማስመሪያ። መጠኑ ያልታወቀ አበባ በፎቶ ላይ ትልቅም ትንሽም ይመስላል።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በጭጋግና በካፊያ ይፈሳል፤ እርሳስ አይለቅም።
- ቦታና ከፍታ የሚያሳይ ስልክ። ካርታውን ደብረ ብርሃን ላይ ሳላችሁ አውርዱት። ወደ ላይ ስትወጡ ኔትወርክ ይቆራረጣል።
- ነጭ ወረቀት፣ ከአበባው ኋላ ለመያዝ።
- ለመንበርከኪያ ላስቲክ። ተክሏ የምትወደው እርጥብ መሬት ነው፤ ቆሞ ደግሞ ምንም አይታይም።
- ወፍራም ልብስና የዝናብ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ።

ከመነሣታችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ተክሏን አትንቀሉ። ለመለየት መንቀል አያስፈልግም፤ ቅጠሉን ገልበጥ ማድረግ ይበቃል። የጓሳ መሬት ማኅበረሰቡ በራሱ ሕግ የሚጠብቀው ነው። ከመንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አናግሩ፣ ልታደርጉ ያሰባችሁትን ንገሯቸው።

ምንም ነገር አትቅመሱ። በዚህ ከፍታ ካሉት ቢጫ አበቦች መካከል የሰኔሲዮ ወገኖች አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጉበት የሚጎዳ መርዝ አላቸው። የወተት ፍተሻ ካደረጋችሁ በኋላም እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። አንዳንድ ወተት ያላቸው ተክሎች፣ በተለይ የቁልቋል ወገኖች፣ ዓይን ክፉኛ ያቃጥላሉ።

ጭጋግ ሲወርድ ባላችሁበት ቁሙ። የጣርማበርና የጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ገደል ነው። መሬት መሬት እያየ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገደሉን ቶሎ አያይም። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ትልቅ አደጋ ነው።

አሠራሩ

1. ከፍታውን መዝግቡ።

ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታ ጻፉ። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጓሳ መሬት ግን ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ እውነተኛ ውርጭ አገር ነው። ሀፕሎካርፋ ሩፔሊን በብዛት የምታገኙት እዚያ ላይኛው ክፍል ላይ ነው። ከፍታው ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ግን ከሚመስሏት መካከል አንዳንዶቹን ገና ከመጀመሪያው ያርቅላችኋል። የስልክ ከፍታ በአሥሮች ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ ቁጥሩ ሲረጋጋ ጻፉት።

2. የቆማችሁበትን መሬት እዩ።

ተክሏ እርጥብ መሬት ትወዳለች። የጅረት ዳር፣ ረግረግ ጠርዝ፣ ውሃ የሚያቋርጠው የእግር መንገድ፣ ከብትና ጭላዳ የጋጠው አጭር ሣር ላይ ፈልጓት። ረጅም የጓሳ ሣር ውስጥ ገብታችሁ አትድከሙ። መሬት ላይ የተነጠፈች ተክል በረጅም ሣር ጥላ ሥር ብርሃን አታገኝም። አጭር ሣር ላይ ደግሞ ቅጠሏ ከመሬቱ ጋር ስለተጣበቀ የከብት አፍ በቀላሉ አያገኛትም። «ደረቅ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ» ወይም «እርሻ ዳር» ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሌላ ተክል ልትሆን እንደምትችል ከወዲሁ ጠርጥሩ።

3. ግንድ እንደሌላት አረጋግጡ።

ተንበርከኩና በጣታችሁ ሣሩን ገለጥ አድርጉ። ቅጠሎቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ፣ ከመሬቱ ልክ፣ ክብ ሠርተው መውጣት አለባቸው። አበባው ከዚያው ክብ መሃል ይወጣል። ዘንጉ በጣም አጭር ነው፤ አንዳንዴ ዘንግ የሌለው እስኪመስል ድረስ። ዘንጉ ላይ ቅጠል የለም።

ወደ ላይ የቆመ አገዳ ካለና ቅጠሎች በአገዳው ላይ ከተሰደሩ እዚሁ አቁሙ። አደይ አበባ አገዳ አላት፤ ቅጠሎቿም ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ። ስለዚህ «ድንክ አደይ» የሚለው ግምት በዚህ ደረጃ ያበቃል። ቁጥቋጦ ሆኖ መርፌ የመሰለ ቅጠል ያለው፣ ጓሳ ላይ በብዛት የምታዩት ቢጫ አበባ ደግሞ ዩርዮፕስ ነው።

4. ቅጠሉን ገልብጡ።

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢሠራም አልለየም። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

የአንድ ቅጠል ጫፍ በጣታችሁ ቀና አድርጉ። ፊቱ አረንጓዴ፣ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው። ጀርባው ግን ነጭ ነው፤ ስስ ጥጥ የተለጠፈበት ይመስላል። ይህ ነጭ ነገር እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጠጉር ነው። በፊትና በጀርባ መካከል ያለው ልዩነት ደማቅ ስለሆነ ካያችሁት አትጠራጠሩም። ከተጠራጠራችሁ ምናልባት ያያችሁት ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ አረጋግጡ። በጥፍራችሁ ጀርባውን ቀስ ብላችሁ ፋቁ። ጠጉር ከሆነ እንደ ክር ተያይዞ ይላጣል፣ ከሥሩም አረንጓዴ ይታያል። ዱቄት ሆኖ ጣታችሁ ላይ ከቀረ የሻጋታ በሽታ ወይም አቧራ ነው። ማለዳ ከሆነ ደግሞ ውርጭ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በጣት ሙቀት ይቀልጣል።

አንድ ቅጠል ብቻ አትዩ። ያረጀ ቅጠል ጠጉሩ ሊሳሳ ይችላል፤ ገና የወጣ ደግሞ ፊቱም ጭምር ጠጉራም ሊመስል ይችላል። መካከለኛ ዕድሜ ያላቸውን ምረጡ፤ ከአንድ ተክልም ሳይሆን ከጎን ለጎን ተክሎች እዩ።

የቅጠሉንም ጠርዝ ተመልከቱ። ሩፔሊ ላይ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አለው ወይም ሞገድ ይሠራል፤ ቅጠሉ በጠቅላላው ግን አልተሰነጣጠቀም። ርዝመቱን በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። ለደረጃ 7 ያስፈልጋችኋል።

5. ወተት እንዳለው ፈትኑ።

የአንድ ቅጠል ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ቅደዱና ጥቂት ጠብቁ። መጀመሪያ ጤዛውን ጥረጉ፤ የውሃ ጠብታ ወተት መስሎ ያሳስታል። ነጭ ወተት ከወጣ ሀፕሎካርፋ አይደለችም። ያለቀለት ነገር ነው። ዳንዴሊዮንና ዘመዶቹ ሁሉ ወተት አላቸው።

በበጋ ግን ተጠንቀቁ። ተክል ውሃ ሲጠማው ወተቱ ያንሳል፣ የደረቀ ቅጠል ደግሞ ጭራሽ ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ በበጋ «ወተት የለም» የሚለው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት፣ ለምለም በሆነው ቅጠል ላይ ድገሙት።

6. አበባውን በማጉያ እዩ።

አንድ አበባ የምንለው ነገር የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ ነው። ዳር ዳሩን ክንፍ የመሰሉት ረጃጅሞች አሉ። መሃል ላይ ደግሞ ክንፍ የሌላቸው፣ ቱቦ የመሰሉ ትንንሾች ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። ሩፔሊ ሁለቱም አላት። ዳሩም መሃሉም ቢጫ ስለሆነ በዓይን ብቻ ልዩነቱ ይጠፋል፤ በማጉያ ግን ወዲያው ይለያል።

ይህ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ዳንዴሊዮን ላይ ከዳር እስከ መሃል ሁሉም ክንፍ ነው፤ ቱቦ የለም። የክንፉን ጫፍ በማጉያ ብታዩት አምስት ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። ስለዚህ ወተቱ ባይወጣ እንኳ በዚህ ትለዩታላችሁ።

የአበባው ስፋት ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓት ምረጡ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ጥሩ ነው። በማለዳ ብርድ አበባው ተጨምድዶ ልታገኙት ትችላላችሁ። በክረምት ደግሞ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይመጣል።

7. ከሚመስሏት ጋር አነጻጽሩ።

እስካሁን ያለፈችው ተክል ግንድ የሌላት፣ ጀርባዋ ነጭ፣ ወተት አልባ ከሆነች ቀሪው ከባድ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሩፔሊ ናት ወይስ እኅቷ *ሀፕሎካርፋ ሺምፐሪ*?

ሺምፐሪም ጀርባዋ ነጭ ነው፣ አበባዋም ቢጫ ነው፣ ወተትም የላትም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ልዩነቱን በሦስት ቦታ ፈልጉ። አንደኛ፣ የአበባው ዘንግ። የሺምፐሪ ዘንግ ረጅምና ጠጉራም ነው፤ አበባው ከቅጠሎቹ በላይ ቀና ብሎ ይታያል። የሩፔሊ አበባ ቅጠሎቹ መሃል ተቀምጦ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቅጠሉ። የሺምፐሪ ቅጠል ረዘም ያለ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጠርዙ ወደ ውስጥ በጥልቀት ተቆራርጧል። የሩፔሊ ብዙውን ጊዜ ከጣት ርዝመት ብዙ አይዘልም። ሦስተኛ፣ ቦታው። ሺምፐሪ ዝቅ ባለው ደጋና በወይና ደጋ፣ በግጦሽ መሬት፣ በመንገድና በእርሻ ዳር የተለመደች ናት።

ችግሩ 3000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። እዚያ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። ገና ያላደገች ሺምፐሪ ቅጠሏ አጭር ነው፤ በጣም የተጋጠችዋም ዘንጓ አጥሮ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በአንዲት ተክል አትፍረዱ። ዙሪያውን ያሉትን በርከት አድርጋችሁ እዩና የብዙዎቹን መልክ ያዙ። በእሾህ ወይም በድንጋይ ተከልላ ከብት ያልደረሰባትን ካገኛችሁ እሷን እመኑ። የተፈጥሮ ቁመቷን የምታሳያችሁ እሷ ናት።

ሌሎቹ ይቀላሉ፦

- *ዲያንቶሴሪስ ሺምፐሪ*፦ እሷም የከፍተኛ ተራራ ተክል ናት፣ ግንድ የላትም፣ ቢጫ ናት። ከሩቅ በጣም ታሳስታለች። ግን ወተት አላት፤ አበባዋም ሙሉ በሙሉ ክንፍ ነው፣ የቅጠሏ ጀርባም ነጭ አይደለም።
- *ገርቤራ ፒሎሴሎይደስ*፦ የቅጠሏ ጀርባ ጠጉራም ነው፣ ስለዚህ ደረጃ 4 ላይ ልታታልላችሁ ትችላለች። የቅጠሏ ጠርዝ ግን ጥርስ የለውም፤ ዘንጓም ረጅም ነው።
- *ራኑንኩለስ ኦሬኦፊተስ*፦ እርጥብ መሬት ላይ የተለጠፈች ቢጫ አበባ ናት። ይህች ከአደይ አበባ ቤተሰብ ጭራሽ አይደለችም። የምትቆጥሯቸው ሰፋ ያሉ የሚያብረቀርቁ የአበባ ቅጠሎች አሏት፤ ቅጠሏም በደቃቁ የተከፋፈለ ነው።

8. ፎቶውን በቅደም ተከተል አንሡ።

አምስት ፎቶ ይበቃል፦ አካባቢው በሙሉ፤ ተክሏ ከላይ ከማስመሪያ ጋር፤ የተገለበጠ ቅጠል፤ አበባው ከጎን፣ ከሥሩ ያሉት አረንጓዴ ጥቃቅን ቅጠሎች እንዲታዩ፤ የአበባው መሃል በቅርብ። ለጀርባውና ለጎኑ ፎቶ ነጩን ወረቀት ከኋላ ያዙ፤ ካለበለዚያ ስልኩ ሣሩ ላይ ያተኩራል። ነጩን የቅጠል ጀርባ ግን በቀጥታ ፀሐይ አታንሡት፤ ጠጉሩ ነጭ ብርሃን ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሰውነታችሁ ጥላ አጥሉበት።

ፍሬ ይዛ ካገኛችኋት ያንንም ጨምሩ። ዳንዴሊዮን ሲያፈራ ነጭ የሚበር ኳስ ይሠራል፤ ሩፔሊ አትሠራም።

9. የአካባቢውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ።

እረኞችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከማንኛችንም በላይ መሬቱን ያውቁታል። «እማማ፣ ይህችን ምን ይሏታል? ከብት ይበላታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ስም እንደሰማችሁት ጻፉ፣ ቀበሌውንም አብራችሁ ጻፉ። ስሙን ብቻ ይዞ ግን ተክሉን መለየት አይቻልም። «ኮሸሽላ» የሚባሉት እሾሃማ ተክሎች ብዙ ዓይነት እንደሆኑ አስቡ። አንድ ስም ለብዙ ተክል፣ ብዙ ስም ለአንድ ተክል ይሰጣል። የሰፈሩ ስም ከምልክቶቹ ጎን ሲቀመጥ ነው የሚጠቅመው።

10. ያረጋገጣችሁትን ያህል ብቻ ስም ስጡ።

ሁሉም ምልክት ከተገናኘ «ሀፕሎካርፋ ሩፔሊ» ብላችሁ ጻፉ። ጀርባው ነጭ፣ ወተት የለም፣ ግን ከሺምፐሪ መለየት ካልቻላችሁ «ሀፕሎካርፋ» ብቻ በሉ። አበባውን እንጂ ቅጠሉን ካላያችሁ «የአደይ አበባ ቤተሰብ» ብላችሁ ተዉት። እርግጠኛ ሳይኮን የተጻፈ ሙሉ ስም ሌላ ሰው እውነት ነው ብሎ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

*ከላይ ብቻ ማንሣት።* ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። የስልክ መተግበሪያም ቢሆን ያላየውን ጀርባ ሊገምት አይችልም። ቢጫና ክብ ነገር ስታሳዩት የሚያውቀውን ቢጫና ክብ ነገር ይነግራችኋል። ጀርባውንና ጎኑን ጨምራችሁ ስጡት፣ መልሱንም በደረጃ 3፣ 4 እና 5 ራሳችሁ ፈትኑት።

*ቀጥፎ ቤት ወስዶ መለየት።* የተቀጠፈ አበባ መኪና ውስጥ ይጠወልጋል። ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግንድ ነበራት ወይስ አልነበራትም የሚለው ይጠፋል። ሥራው እዚያው መሬት ላይ ያልቃል።

*ቀለምን ማመን።* ቢጫነት ምንም አይለይም። በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ ቢጫ ናቸው።

*ከፍታ አለመጻፍ።* «መንዝ» ብቻ ብላችሁ ከላካችሁልኝ ከሺምፐሪና ከሩፔሊ አንዱን መጣል ያቅተኛል። መንዝ ሰፊ ነው፤ ዝቅ ያለም በጣም ከፍ ያለም መሬት አለው።

እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ

ለጥናት ወይም ለትምህርት ቤት ሥራ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር፣ ሙያተኞቹ ሄርባሪየም የሚሉት፣ አለ። ደርቀው ከተቀመጡ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር የሚቻለው እዚያ ነው። ናሙና መውሰድ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈቃድ ካገኛችሁ፣ ተክሏ በብዛት ካለችበት ቦታ አንዲት ብቻ ውሰዱ። ቅጠሎቿን ከፊሉን በፊት፣ ከፊሉን በጀርባ አድርጋችሁ በጋዜጣ መሃል ዘርጉና ክብደት ጫኑባት። አንዴ ከደረቀች ቅጠሉ መገልበጡ ቀርቶ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጀርባው እንዲታይ ማሰናዳት ያለባችሁ ገና ለምለም ሳለች ነው። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፤ የደጋ እርጥበት ቶሎ ያሻግታል።

አብሯት የሚሄደው ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ የመሬቱን ዓይነት፣ የአበባውን ቀለም፣ ወተት መኖር አለመኖሩን፣ የሰፈሩን ስምና የሰበሰበውን ሰው ስም በእርሳስ ጻፉ። ከደረቀች በኋላ የአበባው ቀለም ይደበዝዛል፣ የወተቱም ነገር አይታወቅም። እነዚህን ሁለቱን ያያችሁት እናንተ ብቻ ስለሆናችሁ ሳትጽፉ ከቦታው አትነሡ።